«ደከመኝ»፣ «ደከምኩ»፣ «ደከመችብኝ»፦ ወሎ ለምትሠራ ነርስ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ ወረዳ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ያደግሁት ሲዳማ ነው፤ አማርኛን የለመድኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ‹ደከመ› የሚለው ቃል እዚህ ግራ አጋብቶኛል። አንድ አዛውንት ‹ደክሜያለሁ ልጄ› ሲሉኝ ‹እረፍት ያድርጉ› አልኳቸው፤ ቅር ብሏቸው ወጡ። አንዲት ሴት ‹እናቴ ደከመችብኝ› ብላ እያለቀሰች መጣች፤ ድካም ምን ያስለቅሳል ብዬ ‹ተራ ጠብቂ› አልኳት። ሌላ ሰው ደግሞ ሲወጣ ‹ደከማችሁልን› አለኝ፤ ወቀሳ ይሁን ምስጋና አልገባኝም። ይህ ሁሉ አንድ ቃል ነው? ካርድ ላይስ ‹ድካም› ብዬ ብጽፈው ይበቃል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አንድ ቃል ነው። ችግሩ ቃሉ ብቻውን ግማሹን ብቻ መናገሩ ነው። ቀሪውን የሚናገሩት ከግሱ ጫፍ ላይ የሚለጠፉት ትንንሽ ድምፆች ናቸው፤ «ኝ»፣ «ኩ»፣ «ች»፣ «ብኝ»፣ «ልን»። በትምህርት ቤት አማርኛ የለመደ ሰው ዋናውን ግስ ሰምቶ ጫፉን ያልፈዋል። ወሎ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን ከጫፉ ይጀምራል። እኔ አማርኛን ሳስተምርና የወሎን አነጋገር ሳጠና የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሕክምናው እውቀት ያንቺ ነው። ስለዚህ የምነግርሽ ሰዎቹ ምን እንዳሉሽ ነው፤ ምን እንደሚታከሙ አንቺ ትወስኛለሽ።

ከቀላሉ እንጀምር። አማርኛ ውስጥ አንድ የግስ ጎራ አለ፦ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ሞቀኝ፣ ጨነቀኝ። በእነዚህ ግሶች ውስጥ ሰውየው ባለቤት አይደለም፤ ተሳቢ ነው። ረሀቡ መጣበት፣ ብርዱ ያዘው እንጂ እሱ ራሱ ምንም አላደረገም። «ደከመኝ» ከዚህ ጎራ ነው። መንገድ ሄጄ፣ አጭጄ፣ ውሃ ቀድቼ ሰውነቴ ላይ የመጣ ነገር ነው፤ እንደ መጣ ይሄዳል። ቁጭ ብዬ ቡና ስጠጣ፣ አንድ ሌሊት ስተኛ ይለቀኛል። «ደክሞኛል»፣ «ደክሞሻል?»፣ «ደክሟቸዋል» ሁሉም ከዚህ ናቸው።

«ደከምኩ» ግን ሌላ ነው። እዚህ ባለቤቱ «እኔ» ነኝ። ነገሩ ከውጭ መጥቶ የያዘኝ አይደለም፤ እኔ ራሴ ተለወጥኩ። ጉልበቴ አለቀ፣ አረጀሁ፣ ሕመም አዋረደኝ፣ የነበርኩት ሰው መሆን አቃተኝ። ስለዚህ ሽማግሌው «ደክሜያለሁ ልጄ» ሲሉሽ ዛሬ ብዙ ሠርቻለሁ ማለታቸው አልነበረም። አቅሜ ከድቶኛል፣ ወደ ማታዬ እየሄድኩ ነው ማለታቸው ነው። «እረፍት ያድርጉ» ስትያቸው የሰሙት «የነገሩኝን አልሰማሁም» የሚል መልስ ነው። ቅር ያላቸው ለዚህ ነው። ንቀት እንዳልነበረ እኔ ይገባኛል፤ እሳቸው ግን ከየት ያውቃሉ?

ስለ ሌላ ሰው ሲነገር ልዩነቱ ይበልጥ ይቀጥናል፤ ይበልጥም ይከብዳል። «ደከማት» ማለት ዛሬ ሰውነቷ ዝሏል ማለት ነው፤ «ደከመች» ማለት ተዳክማለች፣ አርጅታለች፣ ወይም በሽታው ጸንቶባታል ማለት ነው። «ደከመው» እና «ደከመ» እንደዚያው። በአክብሮት ሲሆን «አባቴን ደከማቸው» የመንገድ ድካም ነው፤ «አባቴ ደከሙ» ግን ቤተሰብ ጠርቶ የሚነገር ወሬ ነው። ሰዋስው አስተማሪ «ስሙ ላይ ‹ን› ካለ ተሳቢ ነው» ይልሽ ይሆናል፤ እውነት ነው። ግን ሰው በንግግር «ን»ን ብዙ ጊዜ ይተዋታል፣ «እናቴ ደከማት» ይላል። ስለዚህ ስሙን ትተሽ የግሱን ጫፍ አድምጪ። ጫፏ «ት» ናት ወይስ «ች»? ያቺን አንዲት ድምፅ መስማት ተራ በማስጠበቅና ሮጦ በመሄድ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

አሁን እያለቀሰች ወደ መጣችው ሴት እንምጣ። «ደከመችብኝ» አለችሽ። ባለቤቷ እናቷ ናት፤ ስለዚህ የድካም ስሜት አይደለም፣ መዳከም ነው። በዚያ ላይ «ብኝ» አለበት። «ብኝ» ጉዳቱ በእኔ ላይ ነው የሚል ቅጥያ ነው፦ ሞተብኝ፣ ጠፋብኝ፣ ታመመብኝ፣ ተቃጠለብኝ። ሰው «ደከመችብኝ» ሲል «ልታመልጠኝ ነው» ለማለት አንድ እርምጃ ነው የቀረው። በዚህ አገር የሞት ስም በቀጥታ አይጠራም፤ በሽተኛ ባለበት «ሊሞት ነው» የሚል ሰው የለም። በምትኩ «ደክሟል» ይባላል። ዘመድ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ በስልክ ሲጠራ «አባትህ ደከም ብለዋል፣ ና» ነው የሚባለው። ሰሚው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ሌሊቱን ይጓዛል። ስለዚህ ይህን ቃል ከቤተሰብ አፍ ስትሰሚ ወዲያው ሁለት ነገር ጠይቂ፦ «እህል ትቀምሳለች? ሰው ትለያለች?» እነዚህ ሁለቱ አገሬው ራሱ የድካምን ልክ የሚለካባቸው ጥያቄዎች ናቸው። «እህል ካቆመች ሦስት ቀኗ ነው» ካለችሽ ቃሉ ምን ያህል እንደ ከበደ ታውቂያለሽ።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ቃል ስላለ ላስጠንቅቅሽ። የ«ደከመኝ» ተቃራኒ «አረፍኩ» ይመስላል፤ በራስ ላይ ሲነገር ትክክል ነው። በሌላ ሰው፣ በተለይ በታመመ ሽማግሌ ላይ ሲነገር ግን «አረፉ» ማለት ሞቱ ማለት ነው። «ደክመው ደክመው አረፉ» ሙሉ የሕይወት ፍጻሜ ነው። በሽተኛው መድኃኒት ወስደው እንቅልፍ ሸለብ ካደረጋቸው ደጅ ለቆመው ቤተሰብ «አባታችሁ አርፈዋል» እንዳትዪ። ለቅሶ ይነሣል፤ ቅሬ ይጠራል። «ተኝተዋል»፣ «እንቅልፍ ወስዷቸዋል» በይ። ቅሬ የምልሽ ሌላ ቦታ ዕድር የሚሉት ነው፤ ወሎ እንደደረስሽ ሰምተሽው ይሆናል።

የ«ደከሙ» እውነተኛ ተቃራኒ «በረቱ» ነው። በሽተኛ ሲሻለው «ተሻላቸው» ይባላል፤ አቅማቸው ሲመለስ ግን «በረታ ብለዋል» ይባላል። ማሳ ላይ ለሚያርስ ሰው በመንገድ አላፊው «ያበርታህ» ይለዋል፤ እግዚአብሔር ወይም አላህ የሚለውን እንደ እምነቱ ጨምሮ። «እረፍ» አይለውም። እኔ የድካምን ዓይነት ለመለየት የምጠቀምበት መንገድ ይኸው ነው፦ ተቃራኒውን ፈልጊ። ዕረፍት የሚሽረው ከሆነ «ደከመኝ» ነው። ብርታት የሚፈልግ ከሆነ «ደከምኩ» ነው። «ቢያርፉ ይለቅዎታል?» ብለሽ ብትጠይቂ ሽማግሌው ራሳቸው ይለዩልሻል፤ «ኧረ ልጄ፣ የእኔስ በዕረፍት አይሆንም» ይሉሻል።

ደግሞም መልስ አለው። ሽማግሌ «ደክሜያለሁ» ሲሉ ወሎ ውስጥ የሚጠበቀው መጀመሪያ ምክር ሳይሆን ማበርታት ነው፦ «አይዞዎት አባባ»፣ «ያበርታዎት»፣ ወይም ሁሉም የሚወደው «አብሽሩ»። «አብሽር» ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። ይህን ካልሽ በኋላ ስለ እንቅልፉም፣ ስለ ምግቡም፣ ስለ መድኃኒቱም መጠየቅ ትችያለሽ፤ ይመልሱልሻል።

ሦስተኛው ሰው አመስግኖሻል። «ደከማችሁልን» ውስጥ ያለው «ል» ጥቅሙ ለእኛ ሆነ የሚል ቅጥያ ነው፤ ከ«ብ» ጋር ፊት ለፊት የሚቆም። ግሱ ግን እዚህ ሦስተኛ ትርጉም ይዟል፦ ለፋችሁ፣ ጣራችሁ፣ ለእኛ ብላችሁ ጉልበታችሁን ጨረሳችሁ። እናት «ደክሜ ያሳደግሁት ልጅ» ስትል ደክሟት እያለ አሳደገችው ማለት አይደለም፤ ዋጋ ከፍላ አሳደገችው ማለት ነው። እንግዳ ሲሸኝም «አደከምናችሁ» ይባላል፤ መልሱ «ምን ድካም አለው» ነው። አንቺም ለዚያ ሰው እንደዚያ ብትመልሺለት ደስ ይለዋል።

ይህ ሦስተኛ ትርጉም ዛሬ ከተማ ውስጥ እየሳሳ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በጽሑፍ ቋንቋችን ውስጥ ግን ሥሩ ጥልቅ ነው። ግእዙ «ደክመ» ይላል፤ «ድካም» እና «ድኩም» ከዚያው ናቸው። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብታዪ አንዱ ቃል ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮችን ተሸክሞ ታገኚዋለሽ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ «ድካማችሁ በጌታ ከንቱ እንዳይሆን» ሲል ድካም ሥራ ነው፣ ልፋት ነው፣ ዋጋ ያለው ነገር ነው። በሁለተኛው መልእክት ደግሞ «ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» ሲል ድካም አቅም ማጣት ነው፣ የኃይል ተቃራኒ ነው። በግሪክኛው ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በአማርኛ አንድ ሆኑ። «እናንተ ደካሞች ሸክማችሁ የከበደ ሁሉ፥ ወደ እኔ ኑ» የሚለውንም ተመልከቺ። የዛሬ አንባቢ «ደካሞች» ሲል አቅም የሌላቸውን ያስባል፤ የቃሉ ዋና አሳብ ግን እየለፉ የዛሉ ሰዎች ነው፤ ለዚህ ነው ሸክም የሚከተለው። ኢየሱስ «መንገድ ከመሄድ ደክሞ» ጉድጓዱ አጠገብ ሲቀመጥ ደግሞ ዛሬ «ደክሞት» የምንለውን መጽሐፉ ግእዙን ተከትሎ «ደክሞ» ብሎ ጽፎታል። ስለዚህ የቤተ ክህነት ትምህርት ያላቸው አባት «ደክሜ ነው የመጣሁት» ቢሉሽ ከመንገዱ ሊሆን ይችላል። ከላይ የሰጠሁሽ ደንብ ለዕለት ንግግር ነው፤ ለመጽሐፍ አማርኛ ይላላል። በቁርኣን የአማርኛ ትርጉምም በሃምሳኛው ምዕራፍ፣ በቃፍ፣ አላህ ሰማያትንና ምድርን በስድስት ቀናት እንደፈጠረ ከተነገረ በኋላ ድካም እንዳልነካው ተጽፏል፤ እዚያ ድካሙ ዕረፍት የሚያስፈልገው ዓይነት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በሥራሽ ላይ በየቀኑ የሚያጋጥምሽ ግን «ደካማ» የሚለው ቅጽል ይመስለኛል። «እኔ ደካማ ነኝ ልጄ» ያለሽ ሰው ካለ ሕመሙን እየነገረሽ አይደለም፤ ኑሮውን እየነገረሽ ነው። ጧሪ የሌለው፣ እርሻውን ለሌላ የሰጠ፣ ከፍሎ መታከም የማይችል ሰው ነው። «ደካማ እናት አለችኝ» የሚል ወጣትም እናቴ ሰነፍ ናት ማለቱ አይደለም፤ የምጦራት አሮጊት እናት አለችኝ፣ ከእሷ ርቄ መሄድ አልችልም ማለቱ ነው። ቀበሌም ቃሉን ይዞታል፦ «አቅመ ደካማ» የሚል ዝርዝር አለ፤ ቤት ሲታደስ፣ እህል ሲታደል፣ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ሲጻፍ ከዚያ ነው የሚጠራው። አንቺ ያለሽበት ተሁለደሬ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ገደማ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 የአገሪቱ ወረዳዎች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ሰዉ መዋጮ መክፈልንና መክፈል አለመቻልን የሚመለከት አነጋገር ከብዙ ቦታ ቀድሞ ለምዷል። ካርድ ክፍል በር ላይ «ደካማ ነኝ» የሚል ሰው የሚፈልገው የደም ግፊቱ እንዲለካ ሳይሆን መጀመሪያ ያለ ክፍያ መግባት ይችል እንደሆነ እንዲነገረው ነው። ደፍሮ «ብር የለኝም» ማለት ይከብደዋልና በዚህ ቃል ክብሩን ይጠብቃል። እባክሽ ሰው ፊት «ገንዘብ የለዎትም ማለት ነው?» ብለሽ አትተርጉሚበት። ገለል አድርገሽ ጠይቂው።

ወደ ግሱ ልመለስ፤ የድካምን መጠን የሚለኩ ቅርጾች ስላሉት። «ደከም አለኝ» እና «ድክም አለኝ» ለጆሮ አንድ ይመስላሉ፤ ግን የተገላቢጦሽ ናቸው። አማርኛ ከ«አለ» ጋር በሚያጣምራቸው ብዙ ግሶች ይህ ሥርዓት አለ፦ «ሰበር አለ» በጥቂቱ ነው፣ «ስብር አለ» ፍጹም ነው። «ደከም አለኝ» ትንሽ ነው፣ እየሠራሁ ልቀጥል እችላለሁ ማለት ነው። «ድክም አለኝ» ግን ድንገት፣ ሙሉ በሙሉ፣ ጉልበቴ ከእጄ ወጣ ማለት ነው። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው «ድክም አለኝ፣ ላብ አላበኝ» ካለሽ የመጀመሪያዋ ፊደል ሳድስ፣ «ደ» ሳትሆን «ድ» መሆኗን ሰምተሽ ተነሺ። «ድክምክም» ካለ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ይህን ስል አንድ ነገር መጨመር አለብኝ፦ በስልክ ስለ ሽማግሌ «ደከም ብለዋል» የሚባለው ለጨዋነት ተብሎ የተለዘበ ነው፤ ትንሽነቱ በአፍ ላይ ብቻ ነው።

ጊዜውም ይናገራል። «ደክሞኛል» አሁን ነው። «ይደክመኛል» ግን ልማድ ነው፤ ሳልሠራም፣ ተኝቼም ስነሣ፣ ከወራት ወዲህ። በሽተኛ «ይደክመኛል» ብሎ ከጀመረ ደም ማነስም ሆነ ሌላ የቆየ ሕመም ልትፈልጊ ይገባሻል ብዬ የቋንቋ ሰው ሆኜ እንኳ እደፍራለሁ፤ ግሱ ራሱ የቆየ ነገር ነው ብሎሻልና። «ያደክመኛል» ሲል ደግሞ የሚያደክመው ነገር አለ ማለት ነው፣ የግሱን ባለቤት ጠይቂ፦ ምንድን ነው የሚያደክምዎት? «ዳገቱ»፣ «እንስራው»፣ «ማውራቱ» ይሉሻል። ዳገት በሆነ አገር፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ በሚሉበት አገር፣ «ዳገት ያደክመኛል» ሁሉም የሚለው ነገር ስለሆነ ችላ ይባላል። «አምና የማያደክምዎት ዳገት ዘንድሮ ያደክምዎታል?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ከዚያ ይወጣል።

ጎረቤቶቹን ቃላት በአጭሩ ልንገርሽ፤ ከእነሱ ጋር ሲነጻጸር «ደከመ» ይበልጥ ይጠራልና። «ዛለ» የእጅና የእግር ነው። ከባቲ የሰኞ ገበያ ሸክም ተሸክማ የተመለሰች ሴት «ትከሻዬ ዛለ»፣ «ጉልበቴ ዛለ» ትላለች። «ልፋት» ጥረቱ ራሱ ነው፣ በተለይ ፍሬው አጠራጣሪ ሲሆን፤ «ልፋ ያለው በሕልሙ ሸክም ይሸከማል» የሚባለው ለዚህ ነው። «ሰለቸኝ» የመንፈስ ነው፤ ነገሩ ተደጋግሞ ጣዕሙ ጠፋ። «ደከመኝ ሰለቸኝ ሳይሉ» ብለን የምናመሰግነው ሰው በሥጋውም በልቡም ያልተበገረ ነው።

«ታከተኝ» ላይ ግን ቁሚ። ታከተ ማለት ከድካም በላይ ትዕግሥቱ ያለቀ ማለት ነው። ሕፃን ይዛ ለወራት ሆስፒታል የምትመላለስ እናት «ታከተኝ» ስትል ሰውነቷ ብቻ አይደለም። እኔ ለባለሙያዎችም ይህን ቃል እመርጣለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ፣ ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ የተከማቸ ጫና ሰውን የሚያደርስበትን ሁኔታ እንደ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር እንደተያያዘ ክስተት መዝግቦታል፤ የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራው ልብ መራቅ፣ ሥራው ውጤት የለውም ብሎ ማሰብ ምልክቶቹ ናቸው። በአማርኛ ይህን «የሥራ ድካም» ሲሉት እሰማለሁ፤ አሳንሰውታል። የሥራ ድካም በቅዳሜና እሑድ ይለቃል። ይህኛው መታከት ነው። አንቺም በጤና ጣቢያ ሥራ ላይ ሆነሽ በራስሽ ላይ ቃሉን መለየት ይጠቅምሻል።

ከሁሉም የሚከብደው «መኖር ታከተኝ» ወይም «ኑሮ ታከተኝ» የሚለው ነው። «ኑሮ ታከተኝ» አንዳንዴ የእህልና የዘይት ዋጋ ምሬት ነው። «መኖር ታከተኝ» ግን ሰው ሲለው ዝም ብለሽ አትለፊው፤ ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል ወይ ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ ከእኔ ይልቅ አንቺ ተምረሽዋል።

«ልብ ድካም» ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በጋዜጣም በመንደርም ልብ ደም መርጨት ሲያቅተው ያለውን ሁኔታ እና የልብ የደም ሥር ድንገት ሲዘጋ የሚመጣውን አደጋ ሁለቱንም «ልብ ድካም» ይሉታል። «ወንድሜ በልብ ድካም ሞተ» ያለሽ ሰው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚል ስለ አሟሟቱ ካልጠየቅሽ አታውቂም፤ ከሰዓታት በፊት ደህና ነበር ወይስ እግሩ አብጦ ከርሞ ነበር? ይባስ ብሎ «ልቤን ድክም ይለኛል» የሚለው ከልብ ጋር ላይገናኝ ይችላል። በእኛ አነጋገር «ልቤን» ሲባል እጅ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ጨጓራ ላይ ነው፤ «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚለው ሁሉ እንዲያ ነው። የሰውየውን ቃል ሳይሆን እጁን ተመልከቺ።

ጤና ጣቢያሽ ሐይቅ ከተማ አካባቢ ከሆነ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አፍ የፈቱ ሰዎችም ይመጡልሻል። ከከሚሴና ከባቲ በኩል፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚመጣ ሰው በቋንቋው «ደዸቤራ» ይላል። እዚያ ባለቤቱ ሰውየው ራሱ ነው፤ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲያመጣው «ደክሜያለሁ» ይሆናል፣ አሳቡ ግን የዛሬ ድካም ሊሆን ይችላል። ያው ግስ በኦሮምኛ አቃተኝ፣ ተሸነፍኩ ማለትም ነው። ወደ ሰሜን፣ ወደ ራያ በኩል ደግሞ በትግርኛ «ድኻም» ይላሉ፤ ያው ሥር ነው፣ «ከ» ላልታ «ኸ» ሆነች። ስለዚህ ሰውየው በየትኛው ቋንቋ እንዳደገ ሳታውቂ በቅጥያ ብቻ አትፍረጂ። በሁሉም ቋንቋ የሚሠራው ጥያቄ «ምን መሥራት አቃትዎት?» ነው። «ማረስ» ያለሽና «ከመኝታዬ ተነሥቼ ደጅ መውጣት» ያለሽ ሰው የድካማቸው ልክ ሳይተረጎም ይታይሻል።

ስለ ከብት ሲነገርም ብትሰሚ አይግረምሽ፤ ገበሬ «በሬዬ ደክሞብኛል» ሲል ከስቶ ቀንበር መሸከም አቅቶታል ማለቱ ነው። በዚህ አገር ድርቅ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሚነገረው፦ መጀመሪያ ከብቱ ደከመ፣ ቀጥሎ ሰዉ ደከመ። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሀብ ያዩ አዛውንቶች ፊት «ደከመ» የሚለው ቃል ባዶ እጁን አይመጣም። ዝናብ በዘገየበት ዓመት አንድ አዛውንት «ሰዉ እየደከመ ነው» ቢሉሽ ስለ አንድ በሽተኛ ሳይሆን ስለ ቀበሌው እየነገሩሽ ነው፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ባልደረቦችሽ መንገር ያለብሽ ወሬ ነው።

አሁን ወደ ካርዱ። «ድካም» ብለሽ ብቻ አትጻፊ። እስካሁን ያልኩሽ ልዩነት ሁሉ ያለው በግሱ ጫፍ ላይ ነው፤ «ደከመኝ»ም፣ «ደከምኩ»ም፣ «ደከምኩልህ»ም ወደ ስም ሲቀየሩ ሁሉም «ድካም» ይሆናሉ፣ ማን እንደደከመ፣ እንዴት እንደደከመ ይጠፋል። ካርድ ላይ የሚሰፍረው ያ ስም ብቻ ሲሆን ቀጥሎ የሚያየው ሐኪም «ማን? ከመቼ?» ብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ይጠይቃል፤ በሽተኛውም ሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ያሳጥረዋል። ሰውየው ያለውን ግስ እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ ጻፊው፦ «ይደክመኛል»፣ «ድክም አለኝ»፣ «ዳገት ያደክመኛል»። አጠገቡ ከመቼ ወዲህ እንደሆነና ምን መሥራት እንዳቃተው ጨምሪ። አስታማሚ የተናገረው ከሆነ «ልጇ እንዳለችው፦ ደከመችብኝ፤ እህል ካቆመች ሦስት ቀን» ብለሽ የተናጋሪውን ማንነት ለይተሽ አስፍሪ። «ደካማ ነኝ» ያለሽን ግን ከሕመሙ ጋር አትጻፊው፤ እሱ ካርዱ ላይ ሳይሆን የመድኑ መዝገብ ላይ የሚጣራ ጉዳይ ነው።